መፍቻ ከመግዛታችሁ በፊት ብሎኑን እዩት

ሰላም ጤና ይስጥልኝ አድማጮች። ዛሬ የማወራው እቤት ስለሚቀመጡ የብስክሌት መጠገኛ ዕቃዎች ነው። በሳጥን ተሞልቶ አንድ ላይ የሚሸጠውን እኔ አልመክርም። ግማሹ ለእናንተ ብስክሌት አይሆንም፤ ዘወትር የምትይዙት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከለስላሳ ብረት የተሠራ ነው።

ይልቅ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙና ብስክሌቱን ዙሩት። ከመሪው እስከ ኋላ ጎማ ያለውን ብሎን ሁሉ እዩ። ቀዳዳው ባለ ስድስት ጎን ከሆነ የሚፈታው በአለን ኪ ነው። አብዛኛውን ሥራ 4፣ 5 እና 6 ሚሊሜትር ይጨርሱታል፤ ለትንንሾቹ 2.5 እና 3፣ ለአንዳንድ ፔዳል 8 ትጨምራላችሁ። የዲስክ ፍሬን ካለው ዲስኩን የያዙት ብሎኖች ብዙ ጊዜ የኮከብ ቅርጽ አላቸው፤ መፍቻቸው ቲ25 ይባላል። ጎማው በዳዶ የታሰረ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ 15 ቁጥር ነው። ፔዳልም ብዙ ጊዜ 15 ነው፣ ግን ቀጭን መፍቻ ይፈልጋል። የግራው ፔዳል ጥርስ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ የሚፈታው በሰዓት አቅጣጫ ሲዞር ነው። ይህን የማያውቅ ሰው የፈታ እየመሰለው ያጠብቀዋል።

አለን ኪ ላይ ገንዘብ አትሰስቱ፣ እባካችሁ። ጫፉን ወደ ብርሃን አዙራችሁ እዩት፤ ስድስቱ ጠርዞች ስል ሆነው መታየት አለባቸው። ጠርዙ ከተበላ ቁልፉ ብሎኑ ውስጥ እየተንሸራተተ ቀዳዳውን ክብ ያደርገዋል። ከዚያ በኋላ ብሎኑን ማውጣት የመሰርሰሪያ ሥራ ነው። ጥሩ ቁልፍም ቢሆን ቀዳዳው ውስጥ ጭቃ ካለ እስከ መጨረሻው አይገባም፤ መጀመሪያ በመርፌ ጥረጉት።

ጎማ ማውለቂያ ግን ርካሽ ፕላስቲክ ይበቃል፣ ሁለት ፍሬ። በካቻቢቴ ጎማ ማውለቅ ካላማዳሪያውን ሌላ ቦታ መብሳት ነው።

የተበሳ ካላማዳሪያ መለጠፊያው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የቀዳዳውን ዙሪያ ከልጣፊው ሰፋ አድርጋችሁ በሸካራ ወረቀት ፈትጉ፣ ማስቲሹን ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ከዚያ ታገሡ። አምስት ደቂቃ ያህል። ማብረቅረቁ ሲጠፋና እርጥበቱ ሲሄድ ነው ልጣፊው የሚቀመጠው፤ እርጥብ ላይ ከተቀመጠ ይንሸራተትና ይላቀቃል። የተከፈተ ማስቲሽ ሳጥን ውስጥ ስለሚደርቅ ከአንድ ትልቅ ይልቅ ሁለት ሦስት ትንንሽ ግዙ። ካላማዳሪያውን ከመመለሳችሁ በፊት የጎማውን ውስጥ በጣት ቀስ ብላችሁ ዳስሱ፤ የበሳው እሾህ እዚያው ካለ ድካማችሁ ሁሉ ከንቱ ነው።

ፖምፓ ስትመርጡ መለኪያ ያለውንና ቆሞ የሚነፋውን ምረጡ፤ ለወፍራሙም ለቀጭኑም ቫልቭ የሚሆን። የግፊቱ መጠን ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል።

ካቴና የሚለካበት ልዩ መሣሪያ ባይኖራችሁ ሚሊሜትር ያለው ሜትር ይበቃል። የ30 ሴንቲሜትር ማስመሪያ ግን ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ይጎድለዋል። ካቴናውን ወጥራችሁ ከአንዱ ፒን መሃል ጀምሩና እስከ 24ኛው ተከታይ ፒን መሃል ለኩ። አዲስ ሲሆን 304.8 ሚሊሜትር ነው፤ እያለቀ ሲሄድ ይረዝማል። ኋላው 11 ወይም 12 ማርሽ ላለው ብስክሌት 306.3 ሲደርስ፣ ከዚያ ላነሰው 307 ሲደርስ ይቀየር። ከዘገያችሁ የኋላውን ማርሽ ጥርሶች ይበላቸዋል፤ አዲስ ካቴና ብታስገቡም በተበላው ላይ እየዘለለ ያስቸግራል።

የፍሬን ካቦ መቁረጫም ለብቻው ግዙ። ተራ ፒንሳ ሽቦዎቹን ይጨፈልቃቸዋል፣ ጫፉ ይበታተናል፣ ሽፋኑ ውስጥም አልገባ ይላል።

የኋላ ማርሽ ማውለቂያና የፔዳሉ መሃል ኩሽኔታ መፍቻ አሁን አትግዙ። ዓይነታቸው ብዙ ስለሆነ ሥራው ሲመጣ የእናንተን ብስክሌት አይታችሁ ነው የሚገዙት።