የበርንሊን ትዝታ አናጣፍጠው

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ውድ ወንድሞችና እህቶች፣

የማኅበራችን አስተባባሪዎች በሰሜን እንግሊዝ የፋብሪካ ከተሞች ያሳለፍነውን የልጅነት ትዝታ በድምፅ ቀርጸው ለማስቀመጥ የጀመሩትን ሥራ እንድከፍት ሲጋብዙኝ በደስታ ተቀብያለሁ። ከመካከላችሁ በኦልድሃም፣ በሮችዴል፣ በብራድፎርድና በሸፊልድ ያደጋችሁ አላችሁ፤ እኔ ያደግሁት በበርንሊ ነው። ስለዚህ ግድግዳ ተጋርተው ዳገቱን ስለሚወጡት የድንጋይ ቤቶች፣ ጓሮ ስለነበረው መጸዳጃ ቤትና በክረምት ሌሊት ወደዚያ መውጣት እንዴት ያስፈራ እንደነበር ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የመጣሁት አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው፤ ይህን ትዝታ ስንቀርጽ እንዳናጣፍጠው።

የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በበርንሊ ብቻ ወደ 100,000 የሚጠጉ የሽመና መኪኖች ነበሩ። ብሪታንያ በ1912 ወደ 7 ቢሊዮን ያርድ የሚደርስ የጥጥ ጨርቅ ወደ ውጭ ስትልክ፣ የዚያ ጨርቅ አብዛኛው የወጣው በርንሊ ካለችበት ከላንካሻየር አውራጃ ነው። እኛ በደረስንበት ዘመን ከነዚያ ፋብሪካዎች ብዙዎቹ ተዘግተው ነበር፤ ጭስ ማውጫዎቻቸው ግን ገና ቆመው ነበር። አባቴ ከአብዮቱ በፊት የጨርቃ ጨርቅ ትምህርት ተምሮ አገር ቤት ፋብሪካ እንዲመራ በስኮላርሺፕ የተላከ ሰው ነበር። ከ1974 በኋላ ስኮላርሺፑ ሲቋረጥና መመለሻው ሲዘጋበት፣ ሊመራው የተማረውን መኪና በሌሊት ፈረቃ ሊሠራበት ገባ።

ከቤታችን አጠገብ በሸማኔነት ኖረው ጡረታ የወጡ አሮጊት ነበሩ፤ እኛ ልጆቹ እማማ እንላቸው ነበር። እናቴ ያን ጊዜ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ እማማም ከበርንሊ ወጥተው የሚያውቁት ቦታ ቢኖር ብላክፑል ነው፤ በሐምሌ የበርንሊ ፌር ሲደርስ ፋብሪካው ሁሉ ተዘግቶ ከተማው ተጠራርቶ ወደ ባሕር የሚወርድበትን ቦታ ማለቴ ነው። ሁለቱ ግን ከማንም በፊት ተግባቡ። እማማ ሲናገሩ ከንፈራቸውን ከፍተው እያንዳንዱን ቃል በአፋቸው ይቀርጹታል፣ በእጃቸውም ያግዙታል፤ አንዳንድ ጊዜ ድምፅ ጨርሶ አይወጣቸውም። ከመንገዱ ማዶ ከሚኖሩት የድሮ የሥራ ባልደረባቸው ጋር በተዘጋ መስኮት አሻግረው ረጅም ወሬ ሲያወሩ፣ የማን ልጅ እንዳገባች፣ የማን ባል እንደሰከረ አንድም ሳይቀራቸው ሲነጋገሩ፣ እኛ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለን እናያቸው ነበር። እናቴ የመጀመሪያ የእንግሊዝኛ ቃላቷን የለቀመችው ከእሳቸው ከንፈር ነው።

ይህን የነገርሁት ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል፤ እኔም መንገሩ ደስ ይለኛል። እዚህ ላይ ካቆምሁት ግን ዋሽቻለሁ። እማማ እንደዚያ የሚናገሩት ጆሯቸው ስለማይሰማ ነበር። በመቶ የሚቆጠሩ መኪኖች በአንድ አዳራሽ ሲመቱ፣ ትከሻ ለትከሻ የቆሙ ሰዎች እንኳ መደማመጥ አይችሉም፤ የላንካሻየር ሸማኔዎች ከንፈር ማንበብን የለመዱት ለዚህ ነው። እማማ ፋብሪካ የገቡት በ12 ዓመታቸው ነው። አንድ ሳምንት ጠዋት ፋብሪካ፣ ከሰዓት ትምህርት ቤት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ተገልብጦ። ይህ በድብቅ የሚደረግ አልነበረም፤ ሕግ የፈቀደው አሠራር ነበር፤ እንዲቀር የተወሰነውም በ1918 በወጣው የትምህርት ሕግ ነው። ከሰዓት በኋላ በትምህርት ገበታ ላይ እንቅልፍ ሲጥላቸው መምህራቸው አዝነው እንደማይቀሰቅሷቸው ነግረውናል። የማጉን ጫፍ በመወርወሪያው ቀዳዳ የሚያወጡት በአፋቸው እየሳቡ ነበር፤ ከክሩ ጋር አቧራውንና ዘይቱን ይስባሉ፤ ያንኑ መወርወሪያ ሌላዋ ሴት ተቀብላ እንዲሁ በአፏ ትስባለች። ከሠርጋቸውና ከብላክፑል ጨዋታቸው ጋር እኩል ይህንንም የነገሩን እማማ ራሳቸው ናቸው፤ አንዱን ከሌላው አልለዩትም። እኛስ ለመለየት ምን ሥልጣን አለን?

አሁን በየበዓሉና በየዝግጅቱ የሚነገረው ትዝታ ግን ተለይቶ የተመረጠ ነው። በሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነበር፣ ደጃፉ በየሳምንቱ በድንጋይ ይፈገፈግ ነበር፣ ጎረቤት ሁሉ ዘመድ ነበር ይባላል። እውነት ነው፤ ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ። አባቴ ግን በሃምሳዎቹ ዕድሜው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቅዳሴውን መስማት አቆመ። ሲናገር ድምፁን መመጠን ስለማይችል የማያውቁት ሰዎች የተቆጣ ይመስላቸው ነበር፤ ይህን ሲረዳ ዝምታን መረጠ። አብረውት በሌሊት ፈረቃ የሠሩት የፓኪስታን ሰዎችም ዕጣቸው ተመሳሳይ ነበር። መንግሥት በ1959 ባወጣው የጥጥ ኢንዱስትሪ ሕግ፣ ፋብሪካዎች ያረጁ መኪኖቻቸውን ሰባብረው እንዲጥሉ ገንዘብ ተከፍሏቸዋል። ለተሰበረ ብረት ካሳ የሚከፍል ሕግ በወጣበት አገር፣ ለአባቴ ጆሮ አንድ ሳንቲም የከፈለ የለም! ይህን ተናግሮ ማስመዝገብ ምሬት ነው የሚለኝ ሰው ካለ፣ አዎን፣ ምሬት ነው፤ ተመዝግቦም ይቀመጥ!

ከበርንሊ ዳር ሃርል ሳይክ በተባለ መንደር፣ በ1890ዎቹ የመንደሩ ሰዎች አክሲዮን ገዝተው ያቋቋሙት ኩዊን ስትሪት የሚባል የሽመና ፋብሪካ አለ። በእንፋሎት ኃይል ይሠሩ ከነበሩት የመጨረሻው ሲሆን በ1982 ሥራ አቁሞ ከነሞተሩና ከነመኪኖቹ ሙዚየም ሆነ። ልጆቼን ይዤ በሄድሁ ጊዜ አስጎብኚው ጥቂት መኪኖችን ብቻ አስነሣ፤ ልጆቹ ጆሯቸውን ይዘው ወደ በሩ ሮጡ። እኔ የአባቴን ነገር ለማስረዳት ለዓመታት ስናገር ያልገባቸው በዚያች ቅጽበት ገባቸው። ይህ ሙዚየም በ2016 ለወጪ ቁጠባ ተብሎ ተዘጋ። በኋላ ዓመቱን ሙሉ ባይሆንም ተከፍቷል፤ ይሁንና ሰው ጆሮውን ያጣበትን ድምፅ ሊያሰማን የሚችለውን ቤት እንደ ትርፍ ወጪ መቁጠር ነውር ነው! ሌሎቹ ፋብሪካዎች የቅንጦት መኖሪያ ሲሆኑ ጡቡ ይታጠባል፣ ጭስ ማውጫው ይጠገናል፤ በዚያ አዳራሽ ቆመው ያረጁት ሴቶች ስም ግን የትም ተጽፎ አላየሁም።

እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ረገድ የምንከተለው ሰው አለን። በማንቸስተር ተወልዳ በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፈችውን ሲልቪያ ፓንክረስትን የምናውቃት በአርበኝነት ዘመን ስለ አገራችን በመጮኋ ነው። ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ግን፣ በ1907፣ የሰሜን እንግሊዝንና የስኮትላንድን የሥራ ቦታዎች እየዞረች ሴት ሠራተኞችን በሥዕል አስቀርታለች፤ በዊጋን ከሰል የሚለቅሙትን፣ በግላስጎው የጥጥ ፋብሪካ የሚሠሩትን ጭምር። ሴቶቹን ለማሳመር አልደከመችም፤ ሥራቸውን ሲሠሩ ሳለቻቸው።

ስለ አቀራረጹ ጥቂት ልበል። ቃለ መጠይቁ ተናጋሪው በሚቀናው ቋንቋ ይሁን። የፓኪስታን ጎረቤቶቻችንም ይጋበዙ፤ የሌሊት ፈረቃውን ታሪክ ያለ እነርሱ መሙላት አንችልም።

መቅረጫው በጎን ባለው ክፍል ተዘጋጅቷል። የደመወዝ ወረቀት፣ የሠራተኛ ማኅበር ደብተር ወይም በሥራ ልብስ የተነሣችሁት ፎቶግራፍ ያላችሁ ይዛችሁ ግቡ። ጠያቂዎቹ ወጣቶች ስለ ብላክፑል ይጠይቋችኋል፤ ሳይጠይቋችሁ ስለ ጆሯችሁም፣ ስለ ሳንባችሁም፣ ስለ ደመወዛችሁም ንገሯቸው። አመሰግናለሁ።