ፓተንቱን ገዛን፤ ሙያውንስ?

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ ዓለም አቀፍ የፓተንት ፈቃድ ውል ነው፤ ፓተንት ያለው፣ ማለትም በፈጠራው ላይ ብቸኛ መብት የተሰጠው ኩባንያ፣ የሌላ አገር ኩባንያ እንዲሠራበት በክፍያ የሚፈቅድበት ውል። ርዕሱን ሰምታችሁ እንዳትሸሹኝ፤ ሕግ ላስተምር አይደለም። እኔን የሚስበኝ ውሉ ውስጥ ያለው የሰው ባሕርይ ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ የጀርመን ኩባንያዎችን ፓተንት ወረሰች። እ.ኤ.አ. በ1919 ከ4,000 በላይ የኬሚስትሪ ፓተንቶች ኬሚካል ፋውንዴሽን ለሚባል ድርጅት ተላለፉ። ዓለምን ሲመራ የነበረው የጀርመን ማቅለሚያ አሠራር በጽሑፍ እጅ ገባ ማለት ነው። ግን ጽሑፉን ይዞ ቀለሙን ማውጣት እንደታሰበው አልሆነም። የአሜሪካው ኬሚካል ኩባንያ ዱፖንት ምን አደረገ? በ1920ዎቹ መጀመሪያ ከጀርመኑ ኩባንያ ከባየር ኬሚስቶችን በጠቀም ያለ ደመወዝ አስኮበለለ። ሰነድ የታጨቀበት ሻንጣቸው መንገድ ላይ ተያዘ። ሰዎቹ ግን ኋላ ላይ አሜሪካ ገቡ። ዱፖንትም የፈለገው ሻንጣውን ሳይሆን እነሱን ነበር።

በሕጉ ከሄድን ይሄ መሆን አልነበረበትም። 20 ዓመት ጥበቃ የሚሰጥህ፣ ፈጠራህን የዘርፉ ባለሙያ ሊሠራው በሚችል መልኩ ስትገልጥ ነው። ትሪፕስ የሚባለው የዓለም ንግድ ድርጅት የአእምሯዊ ንብረት ስምምነትም አንቀጽ 29 ላይ ይህንኑ ይጠይቃል። ነገር ግን መሥራትና አትርፎ መሥራት ለየቅል ናቸው። ሙቀቱ መቼ ይቀነስ? ማሽኑ እንዲህ ሲጮህ ምን ማለቱ ነው? ይሄ ፓተንቱ ላይ አይጻፍም። አንዳንዴማ ባለቤቱ ራሱ ማወቁን ልብ አይለውም።

አሁን ወደ ውሉ እንግባ። ፈቃዱ በፊርማ ይተላለፋል። ሙያው ግን በሰው ነው የሚተላለፈው፤ መሐንዲሱ መጥቶ፣ አጠገብ ቆሞ፣ ሲበላሽ አብሮ አምሽቶ። ውሉ ላይ «የቴክኒክ ድጋፍ» ይባላል፤ ስንት ባለሙያ፣ ለስንት ቀን። ግን የትኛው ባለሙያ? የፋብሪካው አንበሳ ነው ወይስ ትናንት የተቀጠረው? ሁለቱም ቀናቸውን ሞልተው ይመለሳሉ። ፍርድ ቤት ቀን መቁጠር ይችላል፤ ሰውዬው ከልቡ ማስተማሩን ግን በምን ይለካዋል?

ኢኮኖሚስቶች ሞራል ሃዛርድ የሚሉት ይሄን ነው። ጥረትህን ሌላው ካላየው፣ ጉዳቱንም እሱ ከተሸከመው፣ መለገም ያጓጓል። ገንዘቡ በአንዴ ከተከፈለማ በቃ። ምን አስጨንቆት ነው ፈቃድ ሰጪው ምርጡን ሰው ከራሱ ፋብሪካ ነቅሎ የሚልከው? ያውም ነገ ተወዳዳሪው ሊሆን ለሚችል!

ከሽያጩ ላይ በመቶኛ የሚከፈለው ሮያሊቲ ይባላል። ብዙ ሰው ሮያሊቲን እንደ ኪራይ ያየዋል። እኔ መያዣ ነው የምለው። ክፍያው ከሽያጩ ላይ እየተቆረጠ ከሄደ፣ ተቀባዩ ሲወድቅ ሰጪውም ባዶ እጁን ይቀራል። ያኔ ጥሩውን መሐንዲስ ይልካል።

ታዲያ ተፈታ? ኧረ የት! አሁን ደግሞ ተቀባዩ በተራው ይለግማል። አንዴ የተማረውን ማንም አያስረሳውም። ሽያጩን አሳንሶ ያሳያል። ወይ ዕቃውን ነካ ነካ ያደርግና «ይሄ የእናንተ አይደለም» ይላል። መዝገቡ ያለው ባሕር ማዶ ነው፣ ኦዲተር መላክ ወጪ ነው፣ የሰው አገር ፍርድ ቤት መመላለስ ደግሞ ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው። የ1958ቱ የኒው ዮርክ ስምምነት የግልግል ውሳኔ ድንበር ተሻግሮ እንዲፈጸም ያግዛል። ግን መጀመሪያ ማጭበርበሩን ማወቅ አለብህ።

ለእኔ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው። ፓተንቱ ሙያውን ይጠብቃል። ተቀባዩ ተምሮ ክፍያ ቢያቆም፣ ሰጪው ፈቃዱን ያነሳል፤ የተማረውን ቢጠቀምበት ደግሞ የፓተንት ጥሰት ይሆንበታል። ስለዚህ ሰጪው ሳይሰጋ ያስተምራል። ፓተንቱ በደካማ ሁኔታ በሚከበርበት አገር ግን ሙያውም ተቆንጥሮ ነው የሚሰጠው። ፓተንት ዕውቀትን ያፍናል የሚሉ ወዳጆቼ ይህቺን ነገር ይዘሏታል።

የሚያፍንበት ጊዜ የለም ማለቴ አይደለም። የእንግሊዙን መስታወት አምራች ፒልኪንግተንን እዩት። በቀለጠ የቲን ብረት ላይ መስታወት አንሳፎ መሥራትን ሲጀምር፣ ትልቁ ፋብሪካው ለ14 ወራት የሚሸጥ መስታወት አላወጣም። ይህን ያህል ፍዳ ያየ ሰው በዕውቀቱ ቢሰስት አልፈርድበትም። በ1994 ግን የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ከሰሰው። የዋናዎቹ ፓተንቶች ጊዜ ካለፈ ቆይቷል፣ ሙያውም በአብዛኛው አደባባይ ወጥቷል፤ ኩባንያው ግን ዛሬም ፈቃድ ተቀባዮቹ የት አገር መሥራት እንደሚችሉ ይወስናል የሚል ክስ ነበር። በስምምነት አለቀ። ክሱ ተገቢ ነበር ባይ ነኝ።

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1964 ጊዜው ላለፈ ፓተንት ሮያሊቲ ማስከፈል አይቻልም ብሎ ነበር፤ በ2015 ደግሞ አጸናው። የሙያው ክፍያ ግን ለብቻው ሊቀጥል ይችላል። ጠበቆች ሁለቱን ለያይተው የሚጽፉት፣ ፓተንቱ ሲያበቃ መቶኛውን የሚቀንሱት ለዚህ ነው።

እኔ ብጠየቅ እንዲህ እላለሁ። ፊርማ ላይ ትንሽ ይከፈል። ወፈር ያለው፣ የተቀባዩ ሠራተኞች ያለ እንግዳ መሐንዲስ ብቻቸውን ፋብሪካውን አስነስተው የተባለውን ጥራት ሲያወጡ ይከፈል። ቀሪው በሮያሊቲ። እርግጥ ተቀባዩ ላለመክፈል ሙከራውን ሊያጓትት ይችላል። ስለዚህ ቀን ይቆረጥለት፤ በራሱ ጥፋት ካለፈ እንደተሳካ ይቆጠርና ይክፈል።

በሚቀጥለው ክፍል ተቀባዩ ያሻሻለውን ፈጠራ ለሰጪው መልሶ እንዲያስረክብ የሚያስገድደውን አንቀጽ እናያለን። እሱ ላይ ትንሽ እጣላለሁ። ቸር ሰንብቱ።