ለምን ያህል ጊዜ?

ሰላም አድማጮቼ። ዛሬ ስለ ጉልበት፣ ስለ አቅምና ስለ ጊዜ ነው የምናወራው። ቀመሩ አጭር ነው፤ አቅም፣ ማለትም በየሰኮንዱ የሚወጣው ጉልበት፣ በጊዜ ሲባዛ ጠቅላላ ጉልበት ይሆናል። ተማሪዎች በቃላቸው ይዘውታል። ጥያቄ ሲመጣ ግን ዓይናቸው የአቅም መለኪያ በሆነው ዋት ላይ ያርፍና ጊዜውን ይዘነጉታል። ይህ በእጅጉ ያሳስበኛል።

እዚህ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ይዘን ደረጃ እንወጣለን። ፊዚክስ የማስጠናት የጎረቤቴ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ሮጬ ብወጣ ውሃው የበለጠ ጉልበት አያገኝም?» አለችኝ። ደስ የሚል ጥያቄ ነው፤ አሰላነው። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ግራም ይመዝናል። የስበቱን ፍጥንጥነት በደምሳሳው 10፣ የአራተኛ ፎቅን ከፍታ ደግሞ 12 ሜትር ብንል፣ ሦስቱ ሲባዙ ውሃው የሚያገኘው ጉልበት 2400 ጁል ይሆናል። በአንድ ደቂቃ ከወጣች 40 ዋት፣ በግማሽ ደቂቃ ከወጣች 80 ዋት። አቅሙ እጥፍ ሆነ፤ ጉልበቱ ግን ያው 2400 ነው።

አሁን ወደ ማዕድ ቤት እንግባ። የእናቷ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ በየሰኮንዱ 3500 ጁል ማለት ነው። ያ ሁሉ ደረጃ የተወጣበት ጀሪካን ያገኘው ጉልበት ምጣዱን ለአንድ ሰኮንድ እንኳ አያሠራውም! ልጅቷ አላምንም ብላ ስሌቱን ደገመችው። እርግጥ የራሷን ክብደትም አብራ ተሸክማለች፤ ጡንቻም ከሚያቃጥለው አብዛኛውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ድካሟ እውነተኛ ነው።

የቤት ቆጣሪ የሚቆጥረው በኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ አንዱ 3.6 ሚሊዮን ጁል ነው። ስለዚህ ደቂቃን ወደ ሰዓት ሳይለውጡ ማባዛት አይቻልም። ምጣዱ 40 ደቂቃ ቢሠራ የሚባዛው 3.5 ኪሎ ዋት በ40 ሳይሆን በሁለት ሦስተኛ ሰዓት ነው፤ 2.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ። ባለ 10 ዋት አምፖል ይህን ለመጨረስ ቀንና ሌሊት እየበራ ወደ 10 ቀን ይፈጅበታል።

በበዓል ዋዜማ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጉልበቱ ሳይሆን አቅሙ ነው የሚያስቸግረው። አሥር ጎረቤታሞች ምጣዳቸውን በአንድ ጊዜ ቢሰኩ መስመሩ 35 ኪሎ ዋት መሸከም አለበት። ተራ ገብተው አንድ በአንድ ቢጋግሩ ግን 3.5 ብቻ ይበቃዋል። የእንጀራው ብዛት ያው ነው፤ የሁሉም ቆጣሪ ድምርም ያው ነው።