አጎንብሺ በሏት

የተከበራችሁ መምህሮቼ፣ የአንገት በላይ ባልደረቦቼ፣ ከየጤና ጣቢያው የመጣችሁ ጠቅላላ ሐኪሞችና ጤና መኮንኖች፣ እንደምን አደራችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ «የራስ ቅል ወለል ቀዳዳን በአፍንጫ በኩል በኢንዶስኮፕ መድፈን» ይላል፤ ኢንዶስኮፕ ያው ገብቶ ውስጡን የሚያሳየን ቀጭን ዘንግ ነው። 40 ስላይድ አዘጋጅቼ ነበር። ትናንት ማታ አብዛኛውን አጠፋሁት። የማወራው ስለ አንዲት እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ነው።

«ዶክተር፣ በግራ አፍንጫዬ ብቻ ነው የሚወርደው» አለችኝ። «ውሃ ነው እንጂ ንፍጥ አይደለም። ምጣዱን ላሰስ ስል ጠብ ይልና ቸስ ይላል። በሑዳዴ ስግደትም ትቻለሁ።»

እንግዲህ ከዚህ በላይ ምን ትበለኝ? እኔ የሰማሁት «አፍንጫዬ ይፈሳል» የሚለውን ብቻ ነው። ጭስ አለ፣ የጤፍ ዱቄት አለ፤ አለርጂ ነው ብዬ ስፕሬይ ጻፍኩላት። ውጭ 30 ሰው ተሰልፎ ነበር። ምክንያት አይሆንም።

በ5ኛው ወር በማጅራት ገትር ተኝታ አገኘኋት። ማጅራት ገትር ሲይዛት ሁለተኛ ጊዜዋ ነበር። ትንሽ ሻል ሲላት አንዷ ሪዚደንት፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የምትሠለጥን ሐኪም፣ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጣ፣ «ራስሽን ወደ ጉልበትሽ ዝቅ አድርጊ» አለቻት። ከአፍንጫዋ ሥር የናሙና ብልቃጥ ያዘችላት። አስር ሳንቆጥር ጠብ አለ። ደግሞ ጠብ። ጥርት ያለ፣ የምንጭ ውሃ የመሰለ የአንጎል ፈሳሽ። ሪዚደንቷ ቀና ብላ አየችኝ፤ ምንም አላለችም። ካርዱ ላይ ያለው ፊርማ የኔ ነው።

ሰውነት ይህን ፈሳሽ በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ያመርታል። ስለዚህ ቧንቧው አይነጥፍም። ፈሳሹ በሚወጣበት ደግሞ ጀርም ይገባል።

አሜሪካዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ዋልተር ዳንዲ በ1926 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለውን ቀዳዳ የደፈነው ግንባር ከፍቶ ነው። በዚያ መንገድ አንጎል ገለል መደረግ አለበት፤ ብዙ ጊዜም ማሽተት አብሮ ይሄዳል። እኛ ግን ማጅራት ገትሩ ታክሞ ከዳነ በኋላ በ4 ሚሊሜትር ኢንዶስኮፕ በአፍንጫዋ ገባን። ቀዳዳው ከአፍንጫ ጣራ፣ ወንፊት ከምንለው አጥንት ላይ ነበር። የምስር ፍሬ ቢያክል ነው። ዙሪያውን አጽድተን ከጭኗ በወሰድነው ስስ ሽፋን ደፈንነው። ጠጉሯን እንኳ አልላጨናትም። እንዲህ ያለው ጥገና ከአስር ሰው ዘጠኙን በመጀመሪያው ሙከራ ያድናል።

«ለስድስት ሳምንት ማጎንበስ የለም፣ መናፈጥ የለም፣ ማስነጠስ ከመጣም አፍሽን ከፍተሽ» አልናት። «ምጣድ አጠገብም እንዳትደርሺ» ስንላት ሳቀችብን። «ማን ሊጋግርልኝ?»

አሁን ወደ መጣሁበት። በየዓመቱ እዚህ አዳራሽ ተሰብስበን መሣሪያ የለም እንላለን። እውነት ነው፣ የለም። ግን «አጎንብሺ» ለማለት የትኛው መሣሪያ ነው የጎደለው? ጨረታ ይወጣለታል? የውጭ ምንዛሪ ይፈልጋል? ሴትየዋ እኮ ምርመራውን ምጣዷ ላይ ጨርሳ ነው የመጣችው! ቀዳዳውን ለመድፈን የኛ እጅ ያስፈልግ ይሆናል፤ ለማግኘት ግን የሚያስፈልገው ጆሮ ነው። እኛ ደግሞ የጆሮ ሐኪሞች ነን ባዮች ነን!

ሌላውን ላሳጥር። አጎንብሳ ካልተንጠባጠበ ነፃ ናት ማለት አይደለም። የአንጎል ፈሳሽ መሆኑን የሚለየው የፕሮቲን ምርመራ፣ ቤታ 2 ትራንስፈሪን፣ ከተገኘ ይሠራ። የፈሳሹን ስኳር የሚለካውን ስትሪፕ ግን ተዉት፤ እንባም ስኳር አለው፣ ያሳስታል። በመኪና አደጋ የመጣ ከሆነ ብዙው በእረፍት ብቻ ስለሚቆም ለቢላ አትጣደፉ። ቀዳዳው ሰፊ ለሆነ ደግሞ የአርጀንቲናዎቹ ሐዳድና ባሳጋስተጊ በ2006 እ.ኤ.አ. ያሳዩን፣ ከአፍንጫ መሃል ግድግዳ ከነደም ስሩ ተገልብጦ የሚለጠፈው ሽፋን አለ።

ስለ በጀት ሦስት ስላይድ ይቀረኛል። ሰብሳቢያችን ሰዓታቸውን እያዩ ስለሆነ እሱን ሻይ ላይ እንማማበታለን። የኦፕራሲዮኑን ቪዲዮ የምታሳያችሁ ያቺው ሪዚደንት ናት። ስፕሬዩን ማን እንደጻፈ እሷን እንዳትጠይቋት፤ እኔው ነግሬያችኋለሁ።