ዳገቱን አታስተካክሉብኝ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ የድሬ ልጆች በሙሉ፤ እንኳን በሰላም ተገናኘን። ከሩቅ ከተማ ሌሊቱን ተጉዛችሁ የመጣችሁ፣ እግዚአብሔር ያክብርልን።

አዘጋጅ ኮሚቴው የሰጠኝ ጊዜ አሥር ደቂቃ ነው። የቀድሞውን የጅቡቲ–አዲስ አበባ ባቡር አሳንሶ ስለሚያሳየው ሞዴል ባቡራችን አጭር ገለጻ እንዳደርግ ተጠይቄአለሁ፤ አደርጋለሁ። ነገር ግን ከሦስት ሳምንት በፊት ከኮሚቴው አንድ መልእክት ደርሶኛል። «ባቡሩ ዳገቱ ላይ እየቆመ ሕፃናት ይሰለቻሉ፤ ስለዚህ ዘንድሮ መስመሩ ሜዳ ይሁን፣ የጭነት ፉርጎዎቹም ከአምስት አይብለጡ» ይላል። መልሱን በስልክ ልሰጥ እችል ነበር። ጉዳዩ የሁላችንም ስለሆነ ግን እዚህ በፊታችሁ መስጠትን መረጥሁ። መልሴ አይሆንም ነው።

ከጀርባችሁ ያለው ጠረጴዛ ከመተሐራ ሜዳ ተነሥቶ አዳማ የሚደርሰውን አቀበት ያሳያል። መጠኑ 1 ለ87 ነው፤ የእውነተኛው 87 ሜትር እዚህ 1 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። የእኛ ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ስለነበረ እዚህ 12 ሚሊ ሜትር ሆኗል። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለውን 780 ኪሎ ሜትር ገደማ በሙሉ በዚህ መጠን እንሥራው ብንል 9 ኪሎ ሜትር የሚረዝም አዳራሽ ያስፈልገን ነበር። ከመተሐራ እስከ አዳማ ያለው ከ600 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ብቻውን ወደ 7 ሜትር ይጠጋል፤ የዚህን ቤት ጣሪያ ቀድዶ ይወጣል። ስለዚህ አሳጠርነው። 8 ሜትር ተጉዞ 24 ሳንቲ ሜትር ይወጣል፤ 3 በመቶ ማለት ነው። ቆሞ ለሚያየው ሰው ሜዳ ይመስላል። የሚጎትተው ያውቀዋል።

አሁን ስለ አምናው ልናገር። ብዙዎቻችሁ ነበራችሁ፤ ያላያችሁትን ግን እኔ አይቻለሁ።

አምና 14 ፉርጎ አሰልፌ ነበር። እያንዳንዱን በወጥ ቤት ሚዛን መዝኜ፣ በሆዱ የብረት ቁራጭ አስቀምጬ 100 ግራም አድርሼዋለሁ። ከየት አመጣኸው ለምትሉኝ፦ 40 ቶን የሚመዝን እውነተኛ ፉርጎ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ቁመቱ ሦስቱም በ87 ሲካፈሉ ክብደቱ 60 ግራም ገደማ ይሆናል። 60 ግራም ግን ሐዲድ ላይ ረግቶ አይቀመጥም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር 12 ሳንቲ ሜትር ለሚረዝም ፉርጎ ወደ 95 ግራም ይመክራል። እኔ መቶ ሞላሁለት። ሎኮሞቲቮቹም ሁለት ነበሩ፤ አንዱ ከፊት ይጎትታል፣ ሌላው ከኋላ ይገፋል።

ጠዋት ላይ የኋላው ሎኮሞቲቭ ሞተሩ ተቃጠለ። መለዋወጫ ላመጣ ወደ መኪናዬ ወጣሁ። ሃያ ደቂቃ ቆይቼ ስመለስ ባቡሩ በአንድ ሎኮሞቲቭ ብቻ ዳገቱን እየወጣ፣ ሰው እያጨበጨበ ደረስሁ። ልቤ ደነገጠ። በአንድ ሎኮሞቲቭ ሊወጣ እንደማይችል አውቃለሁና! ለካ አንድ ሰው፣ በቅን ልቡና መሆኑን አልጠራጠርም፣ ከፊተኞቹ አምስት ፉርጎዎች ብረቱን አውጥቶ ኪሱ ከትቶታል። ባቡሩ ቀለለ፤ ወጣም።

ወጣ፣ እስከ ላይኛው ኩርባ ድረስ። እዚያ ከኋላ ያሉት ዘጠኝ ከባድ ፉርጎዎች ወደ ታች ይስባሉ፤ ከፊት ሎኮሞቲቩ ወደ ላይ ይስባል፤ መካከል ላይ ባዶዎቹ አምስቱ አሉ። ኩርባ ላይ ከሁለት ወገን የተወጠረ ገመድ ቀጥ ለማለት ይፈልጋል፤ ባቡርም እንዲሁ ነው። ክብደት የሌላቸው ፉርጎዎች ወደ ኩርባው ውስጥ ተስበው ከሐዲዱ ወጡ፣ ተጋደሙ፣ ሁለቱ ከጠረጴዛው ላይ ወደቁ። አንደኛው የጨው ፉርጎው ነበር። እዚህ ከፊት ለፊቴ የተቀመጡት ጋሽዬ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ቀለም የቀቡት፣ ቁጥሩን አንድ በአንድ የጻፉበት ፉርጎ ማለቴ ነው። ጎኑ ተሰነጠቀ። እርሳቸው ጎንበስ ብለው አነሡት፣ በመሐረባቸው ጠቀለሉት፣ አንድ ቃል አልተናገሩም።

እኔ ግን እናገራለሁ። ባቡር ዳገት ላይ ቢቆም ውርደት አይደለም። ውርደቱ ጭነቱን ሰርቆ «ወጣሁ» ማለት ነው!

ሒሳቡ ቀላል ነው። ሎኮሞቲቬ 400 ግራም ይመዝናል፤ የመጎተት አቅሙ የክብደቱ አንድ አምስተኛ፣ 80 ግራም ያህል ነው። ሜዳ ላይ አንድ ፉርጎ 2 ግራም ጉልበት ይጠይቃል፤ ስለዚህ 40 ይጎትታል። በ3 በመቶ ዳገት ላይ ግን እያንዳንዱ 100 ግራም ፉርጎ 3 ግራም ይጨምራል፤ 5 ሆነ። ሎኮሞቲቩ የራሱን ገላ ለማውጣት 12 ግራም ያጠፋል። የቀረው 68 ለ5 ሲካፈል 13 ፉርጎ ነው። አሥራ አራተኛው ያቆመዋል። ኩርባው ሲታከልበት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ከአርባ ወደ አሥራ ሦስት! አባቶቻችን ዕድሜያቸውን የጨረሱት በእነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ነው።

አባቴ የባቡር ረዳት ነበር። ሐዲዱ በዝናብ ሲርስ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፣ አሸዋ ይረጩለታል። አሸዋውም እምቢ ካለ ባቡሩን ከሁለት ይከፍሉታል፤ ሎኮሞቲቩ የፊተኛውን ግማሽ እስከሚቀጥለው ጣቢያ አድርሶ ለኋለኛው ይመለሳል። እስኪመለስ ድረስ ፍሬኑን አጥብቆ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ከትቶ፣ ፋኖስ ይዞ በጨለማ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ብዙ ጊዜ አባቴ ነበር። አንድ ቀን ይዞኝ ሄዶ ጎማ የተሽከረከረበትን የሐዲድ ቦታ አሳየኝ። አውራ ጣቴን ይዞ አስደገፈው። ብረቱ እንደ ማንኪያ ሆድ ጎድጉዶ ነበር፤ የሰው ጣት ልክ ይገባበታል።

ከጠረጴዛው ዳር አምስተኛው ሜትር ላይ፣ ከዋርካዋ አለፍ ብሎ፣ በትንሿ ሐዲድ ላይ ብልጭ የምትል ነጥብ አለች። አሥራ አራተኛው ፉርጎ በተቀጠለ ቁጥር ሎኮሞቲቩ ቆሞ የሚሽከረከረው እዚያ ላይ ነው። ዛሬ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱና አሳዩአቸው። ኮሚቴው ሜዳ ይሁን ሲለኝ ይህችን ነጥብ አጥፋ ማለቱ ነው።

ደግሞስ የትኛው የድሬ ልጅ ነው ዳገትን የሚንቅ? ባቡሩ መጀመሪያ የታሰበው ለሐረር አልነበረምን? ተራራው እምቢ ስላለ አይደለም ወይ ሐዲዱ ከሥር የቀረው? እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1902 ባቡሩ ከተራራው ግርጌ ሲደርስ ያን ሜዳ አዲስ ሐረር ብለው ጠሩት፤ እርሱ ነው የእኛ ድሬዳዋ። ሰፈሮቻችንን ከዚራን የሠራት፣ መጋላን ያደመቃት፣ የባቡሩን ወርክሾፕ የተከለው፣ አባቶቻችንን ከየአገሩ ሰብስቦ ከእናቶቻችን ያገናኘ ያ ዳገት ነው። ዳገት ባይኖር ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም! ታዲያ እኛ፣ ከሰው ሁሉ እኛ፣ ዳገቱን እናፍርሰው?

ቁልቁለቱንም እንዲሁ አልነካም። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ የሆነውን እዚህ የማያውቅ የለም። ባቡሩ በፍጥነት ኩርባው ድልድይ ላይ ደርሶ ከ400 በላይ ሰዎች አለቁ፤ ከእኛም ቤት የጎደሉ አሉ። ስለዚህ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ባቡር ቁልቁል ሲወርድ በዝግታ ይወርዳል። ሕፃን ቢያለቅስም በዝግታ ይወርዳል። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ለወጣቶቹ ሦስት ነገር ብቻ ልናገርና ልጨርስ። ከባዱን ፉርጎ ከፊት፣ ቀላሉን ከኋላ ቀጥሉ። ዳገቱ ሲጀምርና ሲያልቅ ሐዲዱ ቀስ ብሎ ይታጠፍ፤ በድንገት ከተሰበረ ማያያዣው ይላቀቃል። ሐዲዱን በአልኮል በራሰ ጨርቅ ጥረጉ፤ ዘይት ከነካው ጎማው ይንሸራተታል።

የኋላው ሎኮሞቲቭ ተጠግኗል። ከፊተኛው ጋር እኩል እንዲሄድ ሁለቱንም በዲጂታል መቆጣጠሪያ አስተካክዬአቸዋለሁ፤ አንዱ ቢፈጥን ፉርጎዎቹ መካከል ላይ ይጨፈለቃሉና። የጨው ፉርጎውም ጎኑ ተጣብቋል፣ ብረቱ በሆዱ ተመልሷል፤ ዛሬ ጠዋት መዘንሁት፣ 101 ግራም ሆኗል፤ አንዷ ግራም የማጣበቂያው ናት።

ከቡናው በኋላ 14 ፉርጎ ይዘን እንነሣለን። የፊተኛውን መቆጣጠሪያ እኔ እይዛለሁ። የኋለኛውን ጋሽዬ ይያዙልኝ፤ ከጎናቸው የሚቆም አንድ ልጅ እፈልጋለሁ። እጁን ያነሣ ማነው?