ከአንድ ናሙና ወደ ሺህ ምርት

ክቡራትና ክቡራን፣ የብረታ ብረትና የኤሌክትሪክ ሥራ ባለሙያዎች፣ ውድ የጎንደር ወጣቶች፣

በየአውደ ርዕዩ የሚቀርቡት የወጣቶቻችን የፈጠራ ሥራዎች አብዛኞቹ በትክክል ይሠራሉ። ፈተናው የሚጀምረው አንድ ነጋዴ ቀርቦ «ሁለት መቶውን በስንት ታስረክቡኛላችሁ?» ብሎ የጠየቀ ዕለት ነው። ያን ጊዜ ናሙናውን የሠራው ወጣት ወጪ ለመቀነስ ቅዳሜ ገበያ ወርዶ ከዕቃ ሻጮች ጋር ዋጋ ይከራከራል። የአንድ ዕቃ ወጪ ግን በአመዛኙ የሚወሰነው ገበያ ላይ ሳይሆን ንድፉ ሲሠራ ነው። ይህን ሁላችንም በምናውቀው በኤሌክትሪክ ምጣድ ላስረዳ።

በምጣዱ ሸክላ ጀርባ ቦይ ይፈለፈላል፤ በቦዩ የማሞቂያ ሽቦ ይዘረጋል፤ ከዚያም በጀሶ ይሸፈናል። ናሙናውን የሚሠራው ባለሙያ ቦዩን በዓይኑ ለክቶ ይፈለፍላል፣ ሽቦው ቢረዝምበት ይቆርጣል፣ ሸክላው ከሚያቅፈው ላሜራ (ስስ የብረት ቆርቆሮ) አልገጥም ቢለው ሞርዶ ያስገባዋል። እንዲህ የተሠራው ምጣድ ዓይኑ ያማረ እንጀራ ያወጣ ይሆናል፤ ሆኖም ዕውቀቱ በባለሙያው እጅ ብቻ ስለቀረ ሌላ ሠራተኛ ሊደግመው አይችልም።

በ220 ቮልት 3,500 ዋት ገደማ እንዲስብ የታሰበ ምጣድ የሽቦው ሬዚስታንስ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን የመቋቋም ልኩ፣ 14 ኦም አካባቢ መሆን ይኖርበታል። ሽቦው ሲጠቀለልና ሲለጠጥ ልኩ ከተዛነፈ አንዱ ምጣድ ያሳርራል፣ ሌላው ሊጥ ያስቀራል። በዚህ ላይ የመስመሩ ኃይል ወደ 180 ቮልት ሲወርድ የምጣዱ ጉልበት በሲሶ ገደማ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ናሙናው ሙሉ ኃይል ባለበት ሰዓት ብቻ ተፈትኖ «አለቀ» ሊባል አይገባም። ንድፉ ከስንት እስከ ስንት ኦም ተቀባይነት እንዳለው በጽሑፍ ያስቀምጥ፤ እያንዳንዱም ምጣድ ጀሶው ከመፍሰሱ በፊት በቴስተር ይለካ። በዚያች ደቂቃ የተገኘ ስህተት ሽቦ ከመቀየር ያለፈ ወጪ የለውም፤ ጀሶው ከደረቀ በኋላ የተገኘ ስህተት ግን ሸክላውንም ጭምር ሊያስጥል ይችላል።

ሸክላ ሲደርቅም ሲተኮስም ይኮማተራል። በመሆኑም እንደ ወለቃ ባሉ መንደሮች ያሉ ሸክላ ሠሪ እናቶቻችን የቱንም ያህል ቢጠበቡ በምጣዶቹ ስፋት መካከል መጠነኛ ልዩነት አይጠፋም። ይህ የሸክላው ጠባይ እንጂ የእነርሱ ጉድለት አይደለም። ልዩነቱን የሚችል ክፍተት መተው ያለበት ላሜራው ነው፤ ሸክላ ሠሪዋን ሚሊ ሜትር እንድትጠብቅ ማስጨነቅ ዋጋውን በከንቱ ከማናር በቀር ጥቅም የለውም።

ስለ ላሜራው ካነሳሁ አንድ ስሌት ልጨምር። የምጣዱ የታችኛው ክብ ስፋት 72 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ከ1 ሜትር በ2 ሜትር ላሜራ የሚወጣው 2 ክብ ብቻ ነው። ስፋቱ 70 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ግን ክቦቹን ግራና ቀኝ አዛንፎ በማሰለፍ 3 ማውጣት ይቻላል። ለተጠቃሚዋ የማይታወቅ የ2 ሳንቲ ሜትር ለውጥ ለ300 ምጣድ የሚያስፈልገውን ላሜራ ከ150 ወደ 100 ያወርደዋል። ይህን ያህል ቅናሽ በክርክር የሚሰጥ ነጋዴ የለም።

ወደ ሞልድ፣ ማለትም ላሜራ ተጭኖ በአንድ ልክ ወደሚቆረጥበት የብረት ቅርጽ፣ ልለፍ። በመቀስ የሚቆረጠውን በማተሚያ ማሽን ለማውጣት ሞልድ ማሠራት ያጓጓል፤ ነገር ግን ለምሳሌ ሞልዱ 300,000 ብር ቢፈጅና የምንሸጠው 200 ምጣድ ቢሆን በእያንዳንዱ ላይ 1,500 ብር ይጫናል፤ 5,000 ከሸጥን ግን 60 ብር ብቻ ነው። ንድፉ ሳይረጋ ሞልድ ያሠራ ሰው በኋላ ስህተቱን ቢያይ እንኳ ለማረም ይሳሳል። እኔ አጥብቄ የምመክረው የመጀመሪያዎቹን 50 በእጅ መሣሪያና በቀላል የልክ መያዣ እንድትሠሩ ነው፤ የሚሠራቸውም ናሙናውን የፈጠረው ሰው ሳይሆን ንድፉን ብቻ የተሰጠው ሌላ ሠራተኛ ይሁን። እርሱ ቆሞ የጠየቀበት ቦታ ሁሉ ንድፉ ያልተሟላበት ቦታ ነው።

ሙቀት መቆጣጠሪያውና ሽቦው ከውጭ የሚመጡ ናቸው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፣ በመጋቢት የተሰላ ዋጋ በሰኔ ላይሠራ ይችላል። ስለሆነም ለአንድ ዕቃ ቢያንስ ሁለት አማራጭ አቅራቢ ያዙ፤ ከአንድ ሱቅ ብቻ በሚገኝ ክፍል ላይ ንድፋችሁን አታስሩ።

ማሸጊያውም የምርቱ አካል ነው። ወደ ደባርቅ ወይም ወደ መተማ ተጭኖ የተሰነጠቀ ምጣድ ሙሉ ወጪው ወጥቶበት ገቢው የቀረ ምጣድ ነው፤ ስለዚህ ከ50ዎቹ ጥቂቶቹን እንደታሸጉ በጭነት መኪና ልካችሁ አስመልሷቸው፣ ከፍታችሁም እዩ። የቀሩትን ለሚጋግሩ እናቶች ሽጡ፤ ለእያንዳንዱ ምጣድ ቁጥር ስጡት፤ የሽቦውን ልክ፣ የተሠራበትን ቀንና የተመለሰበትን ምክንያት በመዝገብ ያዙ። የሞልድ ሥራ ያላችሁ የከተማችን ባለሙያዎችም፣ አንድ ወጣት ሞልድ ሊያዝ ሲመጣ ቀብድ ከመቀበላችሁ በፊት ይህን መዝገብ እንዲያሳያችሁ ጠይቁልኝ።

ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።