ዋቱን ተዉትና ጀርባውን እዩ

እንደምን አመሻችሁ፣ የተከበራችሁ የሙዚቃ ወዳጆች።

ስለ አምፕሊፋየር የሚያማክረኝ ሰው ሁሉ «ስንት ዋት ልግዛ?» ይለኛል። እኔ ደግሞ «ስፒከርህ ጀርባው ላይ ምን ይላል?» እለዋለሁ። ዛሬም የማወራው ስለዚሁ ነው።

እዚያ ወይም መመሪያው ላይ ሁለት ቁጥሮች ታገኛላችሁ። አንዱ ሴንሲቲቪቲ ነው፣ በዴሲቤል። ስፒከሩ 1 ዋት ሲያገኝ 1 ሜትር ላይ ምን ያህል እንደሚጮህ ይነግራችኋል። ቢቢሲ ለጠባብ ክፍሎችና ለስርጭት መኪኖቹ ያሠራው ኤልኤስ3/5ኤ የተባለ ትንሽ ስፒከር 82 ገደማ ነው። ክሊፕሽሆርን የተባለው የአሜሪካኖቹ ግዙፍ ሳጥን ግን ከ100 ያልፋል። የ20 ዴሲቤል ልዩነት ማለት የ100 እጥፍ ኃይል ነው። ትልቁ በ1 ዋት ቤቱን ሲሞላ ትንሹ 100 ዋት ይጠይቃል፤ ቢሰጡትም አይችለውም።

ስለዚህ ከ50 ወደ 100 ዋት ለማደግ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ቆም በሉ። ዋቱ እጥፍ ሲሆን የምታገኙት 3 ዴሲቤል ነው። ለጆሮ «ትንሽ ጨመር አለ» ነው የሚያሰኘው። ድምፁ እጥፍ የጮኸ እንዲመስል 10 እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። ቴፕ ላይ ለማስታወቂያ ስለሚለጠፈው የተጋነነ ቁጥር፣ «1000 ዋት ፒኤምፒኦ» ስለሚባለው፣ ባላወራ ይሻላል።

ሁለተኛው ቁጥር ኦም ነው፤ ስፒከሩ ከረንቱን (የኤሌክትሪክ ፍሰቱን) ምን ያህል እንደሚቋቋም ይነግራችኋል። 8 ኦም የተባለ ስፒከር ሁሌ 8 ላይ አይቀመጥም። እንደ ድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ይወጣል፣ ይወርዳል፤ 3 ድረስ የሚወርድም አለ። ኦሙ ሲወርድ አምፕሊፋየሩ ብዙ ከረንት መስጠት አለበት። «አንድ ጥንድ ለሳሎን፣ አንድ ለበረንዳ» ብላችሁ ሁለት ባለ 8 ኦም አንድ ቻናል ላይ በትይዩ ካሰራችሁ 4 ኦም ሆነ ማለት ነው። አምፕሊፋየሩ «ከ8 እስከ 16 ኦም» ካለ ይግላል፣ እየጠፋ ያስቸግራል፣ ሲብስበት ይቃጠላል።

ትዊተርን፣ ማለትም ሳጥኑ ውስጥ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣውን ትንሽ ስፒከር፣ የሚያቃጥለው ትልቅ አምፕሊፋየር ብቻ ይመስለናል። ትንሹን አምፕሊፋየር እስከ መጨረሻ ማዞርም ያቃጥለዋል። አቅሙ ሲያልቅ የሞገዱን ጫፍ ይቆርጠዋል። ያኔ ዘፈኑ ውስጥ ያልነበረ ቀጭን ድምፅ ይፈጠርና ቀጥታ ትዊተሩ ላይ ያርፋል፤ የትዊተር ሽቦ ደግሞ እንደ ፀጉር ቀጭን ናት። ሠርግ ላይ የሞንታርቦ ድምፅ ሲሰባበር ሰምታችኋል አይደል? ያ ድምፅ ቤታችሁ ከተሰማ ወዲያው ቀንሱ።

ገመዱ ብዙ አያጨቃጭቅም። ወፈር ያለ መዳብ ይሁን። ፕላስና ማይነሱ ግን አይዘበራረቅ፤ አንዱ ስፒከር ላይ ብቻ ከተገለበጠ ቤዙ ድራሹ ይጠፋል።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።